«ነፃ ነው፣ ግን አይመጡም»፦ ሴቶች ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ የሚቀሩት ለምንድን ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «እኔና ጓደኞቼ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማህበር አለን። በምንሠራበት ገጠር ጤና ጣቢያ ከተከፈተ ቆይቷል። የእርግዝና ክትትሉም ወሊዱም በነፃ ነው። ሴቶቹ ግን አይመጡም፤ የሚመጡትም ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው። ችግሩ የግንዛቤ ማነስና ባህል መሰለን። ስለዚህ የዓመቱን በጀት ለግንዛቤ ማስጨበጫ ልናውለው ነው፤ ከተረፈን አምቡላንስ እንገዛለን። መንገዳችን ትክክል ነው?»

አይደለም። ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት «አያውቁም» የሚለውን ግምት ፈትሹት። ቤታቸው የወለዱ ብዙ እናቶችን አነጋግሬያለሁ። ጤና ጣቢያ መውለድ እንደሚሻል የማታውቅ አልፎ አልፎ ትገጥመኛለች። አብዛኞቹ ግን አሳምረው ያውቃሉ። ያውቃሉ፣ ሂሳቡንም ሠርተውታል። የመንገዱን ርቀት፣ ወጪውን፣ ቤት የሚቀሩትን ልጆች፣ የባልን ፊት፣ እዚያ ስትደርስ የሚጠብቃትን አቀባበል ደምረው ቀንሰው «አያዋጣም» ብለዋል። ይህ ሂሳብ እስካልተቀየረ ድረስ በድምፅ ማጉያ ብትነግሯትም የምታውቀውን ነው የምትደግሙላት።

«ነፃ» ከሚለው ቃል እንጀምር። አንዲት ሴት አስቡ። ሰባተኛ ወሯ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ራሷን አሟታል፤ ዓይኗም ብዥ እያለባት ነው። ሳይነጋ ተነስታ ሁለት ሰዓት በእግሯ ትጓዛለች። ትልቋ ልጅ ታናናሾቿን ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ስትደርስ ወረፋው ግቢውን ሞልቶታል። ካርድ ክፍል መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ቀና ሳይል ጮክ ብሎ «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ይላታል። ከኋላዋ ወንዶች ተሰልፈዋል። «ራሴን» ትላለች፤ የቀረውን ትውጠዋለች። ተራዋ ሲደርስ ቀኑ ተጋምሷል። የሽንት መመርመሪያው አልቋል፣ ውጭ አሠርተሽ ነይ ትባላለች። መድኃኒቱም እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዢ ትባላለች። ወረቀቱን አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ትከትና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ያ ራስ ምታትና ያ ብዥታ ግን የእርግዝና ደም ግፊት ምልክቶች ናቸው። ወደ ማንቀጥቀጥ ከተሸጋገረ እናትም ልጅም ሊሞቱ ይችላሉ።

ይህች ሴት መስኮቱ ላይ አንድ ሳንቲም አልከፈለችም። በሪፖርት «በነፃ የታየች» ተብላ ትቆጠራለች። የቀን ገቢዋ ግን ቀርቷል፣ ልጇ ከትምህርት ገበታ ቀርታለች፣ ምርመራውንና መድኃኒቱን በገንዘብሽ ተብላለች፣ በሰው ፊት ተሸማቃለች። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያማት ምን የምታደርግ ይመስላችኋል? ለጎረቤቷስ ምን ብላ የምትነግራት ይመስላችኋል? አንዲት የተከፋች እናት የምታወራው ወሬ የእናንተን መቶ ፖስተር ያፈርሳል።

የጉዳዩን ክብደት ለማየት ቁጥሩን ልስጣችሁ። በዓለም ጤና ድርጅትና በአጋሮቹ ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 260,000 የሚጠጉ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ሞተዋል። በቀን ከ700 በላይ ማለት ነው። ከ100ው 92 ያህሉ የሞቱት ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ገዳዮቹ እንግዳ በሽታዎች አይደሉም። የደም መፍሰስ፣ የደም ግፊት፣ ኢንፌክሽን፣ ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ውርጃ ናቸው። የሁሉም ሕክምና ከታወቀ ቆይቷል። እነዚህ ሴቶች የሞቱት ከሕክምናው ጋር በጊዜ ሳይገናኙ ስለቀሩ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው።

ሳይገናኙ የሚቀሩበትን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1994 ሴሪን ታዲየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በሦስት መዘግየቶች ከፍለው አስቀምጠውታል። እስካሁን እኛ ባለሙያዎች የምንሠራበት አከፋፈል ነው። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ያለው ነው፤ እንሂድ ወይስ እንቆይ በሚለው የሚያልፈው ጊዜ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ያለው ነው። ሦስተኛው ጤና ተቋሙ በር ከገባች በኋላ ያለው ነው። የእናንተ ዕቅድ ትምህርቱን ለመጀመሪያው፣ አምቡላንሱን ለሁለተኛው መድቧል። ለሦስተኛው ምንም የለውም። ሦስቱ ደግሞ ተነጣጥለው የሚኖሩ አይደሉም። ሦስተኛው ላይ የሚሆነውን ያየች ሴት ነች መጀመሪያው ላይ የምታመነታው።

ቤት ውስጥ ስላለው መዘግየት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ታዳጊ አገሮች ሲካሄድ የቆየው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶችን አራት ነገር ሲጠይቅ ኖሯል፦ ለመታከም የሚከለክልሽ ፈቃድ ማጣት ነው? ገንዘብ ነው? ርቀት ነው? ወይስ ብቻሽን መሄድ አለመፈለግሽ? በብዙ አገሮች ቀድሞ የሚጠቀሰው ገንዘብ ነው። «ባሎች ስለሚከለክሉ ነው» የሚለው ወሬ ግን ከዚህ በላይ ገንኗል። የሚከለክል ባል የለም አልልም፤ አለ። አማትም ትከለክላለች። ግን «እሱ ይምጣና እናያለን» የምትል ሴት ሁልጊዜ ፈቃድ እየጠበቀች አይደለም። ብዙ ጊዜ የምትጠብቀው በእጁ ያለውን ገንዘብ ነው። የራሷ ገቢ ቢኖራት ኖሮ ምጥ በመጣባት ሌሊት የሰው እጅ ባላየች። ስለዚህ ባሏን መምከር አንድ ነገር ነው፤ እጇ ላይ ገንዘብ መኖሩ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ቶሎ ይሠራል።

አሁን ወደ ረሳችሁት ወደ ሦስተኛው መዘግየት። ከወሊድ በኋላ ከባድ ደም መፍሰስ የጀመራት ሴት፣ ጤነኛ የነበረች እንኳ ብትሆን፣ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እንግዲህ አምቡላንሱ በጊዜ አደረሳት እንበል። እዚያ ደሙን የምታቆምላት አዋላጅ ከሌለች፣ መድኃኒቱ ካለቀ፣ መብራት ከጠፋ፣ የደረሰችው የትም አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 በጤና ተቋም ለሚወልዱ ድሃ እናቶች ገንዘብ መክፈል ጀመረች። ሴቶቹ በብዛት መጡ። የእናቶች ሞት ግን በመጡት ቁጥር ልክ አልቀነሰም፤ ብዙዎቹ የገቡባቸው ተቋማት አልተዘጋጁም ነበር። ይህን ስላያችሁ ገንዘብ መስጠት ከንቱ ነው እንዳትሉ። ሴቶቹ የሚመጡት ሲያዋጣቸው እንደሆነ በግልጽ አሳይቷል። ቀሪው ሥራ የተቋሙ ነበር።

በተቃራኒው ውስጡ ሲስተካከል ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ የደም መፍሰስ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ወጣ። ዋናው ዕቃ ተራ ላስቲክ ነው። ከወለደች ሴት ሥር የሚነጠፍ፣ ደሙን የሚያጠራቅምና መስመር የተሰመረበት። አዋላጇ በዓይን ከመገመት ይልቅ መስመሩን ታነባለች። መስመሩ ላይ ሲደርስ ሁሉንም ሕክምና ባንድ ጊዜ ትጀምራለች፤ አንዱን ሞክራ እስኪያቅት አትጠብቅም። በዚህ አሠራር ከባድ የደም መፍሰስ፣ በእሱ ምክንያት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ሞት ተደምረው በ60 በመቶ ቀነሱ። አዲስ ሕንፃ አልተሠራም። የተጨመረው ላስቲክ፣ ሥልጠናና በእጅ የሚገኝ መድኃኒት ነው።

ከመድኃኒት እጥረት እኩል የማስቀምጠው ደግሞ አያያዝን ነው። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ አካባቢ የማልረሳው ነገር ገጥሞኛል። አንዲት ወጣት ምጥ ጠንቶባት ገባች። እናቷ በር ላይ ቀረች፤ አይገባም ተባለች። ልጅቷ እየጮኸች እናቷን ስትጠራ አንዷ ባልደረባችን «ስታረግዢ አልጮህሽም፣ አሁን ምን ያስጮህሻል!» አለቻት። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ልጅቷ በሰላም ወለደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ልጇን ቤቷ እንደወለደች ሰማሁ። እኛ ያኔ ሪፖርት ላይ የጻፍነው «በሰላም ተገላገለች» ብለን ነው።

ይህ የአንድ ክፍል ገጠመኝ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የጋና፣ የጊኒ፣ የሚያንማርና የናይጄሪያ ጥናት፣ በተቋም ከወለዱት ውስጥ ከሦስት ሴቶች አንዷ ያህል ስድብ፣ መመታት ወይም መገለል እንደደረሰባት አሳይቷል። ይበልጥ የተጎዱት ወጣቶቹና ያልተማሩት ናቸው። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ሂሳብ አልከፈለችም ተብላ አራስ ሴት ከነልጇ ሆስፒታል ውስጥ ታግታ ትቆያለች።

ስለዚህ «ባህላቸው ነው፣ ቤት መውለድ ይወዳሉ» ስትሉ ቆም በሉ። ቤቷን የምትወደው ለምንድን ነው ብላችሁ ጠይቋት። እናቴ አጠገቤ ናት ትላለች። ገላዬ አይገለጥም። አልሰደብም። በፈለግሁት ጎን እዞራለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ጤና ጣቢያው ሊያደርገው የማይችለው የትኛው ነው? መጋረጃ ይሰቀላል። የምትፈልገው ሰው ምጥ ላይ አብሯት ይገባል፤ ይህን የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል፣ ምጡንም እንደሚያቀልላት በጥናት የተረጋገጠ ነው። ባህል ያላችሁት ነገር ግማሹ ክብር መፈለግ ነው።

የሴት ባለሙያ ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ሴት ካላየችኝ አልታይም የምትል ታካሚ ባለችበት ቦታ አዋላጇ ለእረፍት ስትወጣ አገልግሎቱ ተዘጋ ማለት ነው። አፍጋኒስታን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሴቶች በጤና ማሠልጠኛ ተቋማት እንዳይማሩ ታግደዋል። ሴቶች በወንድ ሐኪም መታየት በሚከብዳቸው አገር ይህ እገዳ ከዓመታት በኋላ የሚገድላቸውን እናቶች ማሰብ ያማል። እናንተ ባላችሁበት ያን ያህል የከፋ ላይሆን ይችላል። ግን ቁጠሩ፤ ስንት ሴት ባለሙያ አለ? ማታስ ማን ይቀራል?

ጥያቄያችሁ በወሊድ ላይ ብቻ መወሰኑም ያሳስበኛል። ሴት ልጅ የምትታመመው ስታረግዝ ብቻ አይደለም። የማህፀን በር ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 350,000 ሴቶችን ገድሏል፤ ከ100 ሟቾች 94ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በክትባትና በቅድመ ምርመራ የሚከላከሉት ካንሰር ነው። ብዙዎች ግን ምርመራውን የሚሸሹት ገላቸውን ለማያውቁት ሰው መግለጥ ስለሚከብዳቸው ነው። ይህን ካንሰር ለሚያመጣው ቫይረስ (ኤች ፒ ቪ) ምርመራ ናሙናውን ራሷ፣ ብቻዋን፣ መጋረጃ ጀርባ መውሰድ ትችላለች። ይህ መኖሩን ሲሰሙ ፊታቸው ሲፈታ አይቻለሁ። ፌስቱላም አለ። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሚመጣው ይህ ጉዳት ሽንት እንዳትቆጣጠር ያደርጋል። በሽታው ያለባት ሴት ሽታዋን አፍራ ከቤት አትወጣም፤ ስለዚህ ወረፋ ላይም አታገኟትም። ብዙው በቀዶ ሕክምና የሚድን መሆኑን ሳታውቅ ዕድሜዋን ትገፋለች። ትምህርት በእውነት የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ነው። ያላገባች ልጅ የወሊድ መቆጣጠሪያ ልትወስድ ስትመጣ «ባል አለሽ?» ተብላ የምትመለስበትም ቦታ ሞልቷል። እሷን ማስተማር አያስፈልግም፤ የመለሳትን ሰው እንጂ።

አሁን ምን ታድርጉ ወደሚለው። መጀመሪያ አምቡላንሱን እርሱት። ለእንደ እናንተ ያለ ማህበር መኪና መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው። ሹፌር ደመወዝ ይፈልጋል፣ ነዳጅ በየቀኑ ነው፣ ጎማ ያልቃል። ስፖንሰር የተለጠፈባቸው፣ ሣር የበቀለባቸው አምቡላንሶች በብዙ ግቢዎች ቆመው አይቻለሁ። በዚያው ገንዘብ በአካባቢው ተሽከርካሪ ካላቸው ሰዎች ጋር ተዋዋሉ። ሌሊት ተደውሎላቸው ወላድ ሲያደርሱ የተስማማችሁበትን ክፍያ ጤና ጣቢያው በር ላይ ያገኛሉ። እናትየዋ በዚያ ሰዓት ገንዘብ አትፈልግም፣ ማንንም አትለምንም። መኪና የማይገባበት ሩቅ ቦታ ላሉት ደግሞ የወሊድ ቀናቸው ሲቃረብ ተቋሙ አጠገብ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ይሻላል። ግን ምግብ ከሌለው፣ ትንሹን ልጇን ይዛ መግባት ካልቻለች ባዶውን ይቀራል።

ትምህርቱንም አትጣሉት፤ መልኩን ቀይሩት። በኔፓል፣ በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በማላዊ የተሞከረ አሠራር አለ። የአካባቢው ሴቶች በየወሩ ይሰበሰባሉ። አስተማሪ የለም፤ ውይይቱን የምትመራው ከእነሱው አንዷ ናት። ባለፈው ወር ማን ታመመች? ለምን ዘገየች? ምን ብናደርግ ኖሮ? ብለው ይነጋገራሉ፤ መፍትሔውንም ራሳቸው ያወጣሉ። አንዳንዱ ቡድን የድንገተኛ ገንዘብ ያጠራቅማል፣ አንዳንዱ ቃሬዛ ያዘጋጃል። ከነፍሰ ጡሮቹ ሲሶ ያህሉ በተሳተፉባቸው ቦታዎች የጨቅላ ሕፃናት ሞት በግልጽ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 በምክረ ሐሳቡ አካትቶታል። ልዩነቱ ይታያችኋል? እዚህ ሴቶቹ የሚያውቁትን ይናገራሉ እንጂ ቁጭ ብለው አይሰሙም።

ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ወንዶችን እናሳትፍ ብላችሁ «ከባልሽ ጋር ካልመጣሽ አትታዪም» ወይም «ከባሏ ጋር የመጣች ቅድሚያ ታገኛለች» ወደሚል አሠራር እንዳትገቡ። በአንዳንድ አገሮች ተደርጎ ያላገቡት፣ የተፋቱት፣ ባላቸው ሩቅ የሄደባቸው ሴቶች ከክትትል ወጥተዋል። ሁለተኛ፣ ቤት የወለደችን መቅጣት የሚባል ነገር ከሰማችሁ ተቃወሙ። ቅጣት ሴቶችን ወደ ጤና ጣቢያ አያመጣም፤ ወሊዱን ያስደብቃል፣ ደም ሲፈስሳትም እንዳትመጣ ያስፈራታል። ሦስተኛው ምስጢር ነው። በትንሽ ሰፈር ወሬ ይሮጣል። የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስድ ወይም በቤቷ ዱላ ያለባት ሴት ስሟ እናንተ መዝገብ ላይ ከታየ አደጋ ላይ ጣላችኋት ማለት ነው። ስልክ ከመደወላችሁ በፊት እንኳ ስልኩ የእሷ ነው ወይስ የባሏ ብላችሁ ጠይቁ።

የአቅማችሁንም ወሰን እወቁ። ደም ባንክ፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ የአስፋልት መንገድ፣ የባለሙያ ደመወዝ የመንግሥት ሥራ ነው። እናንተ በትንሽ በጀት እንተካው ብትሉ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ። ሴራሊዮን እ.ኤ.አ. በ2010 ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ክፍያ ስታነሳ የባለሙያውን ደመወዝም አብራ ጨምራለች። እንዲህ ያለውን የሚወስነው መንግሥት ነው። እናንተ ማድረግ የምትችሉት የጎደለውን መዝግባችሁ፣ ቀንና ቁጥር ይዛችሁ፣ ለሚመለከተው ክፍል በየጊዜው ማቅረብ ነው።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ለቅስቀሳ አንድም ገንዘብ አታውጡ። ባለፈው ስድስት ወር ቤታቸው የወለዱ አሥራ አምስት ሴቶች ፈልጉ፤ ሴት ጠያቂ በየቤታቸው ትሂድ፣ አማትና ባል በሌሉበት። የመጨረሻውን ቀን ከጅምሩ እንዲተርኩላት ትጠይቅ። ምጡ ሲጀምርሽ ማን ነበር? መጀመሪያ ማን ምን አለ? ገንዘብ ማን ጋ ነበር? ከዚህ በፊት ጤና ጣቢያው ሄደሽ ከሆነ ምን ገጠመሽ? ከዚያ አንዳችሁ ከአንዲት ነፍሰ ጡር ጋር ከቤቷ ተነስታችሁ እስከ መድኃኒት መስኮቱ ድረስ በእግር ሂዱ። ሰዓቱን ያዙ። ያወጣችሁትን እያንዳንዱን ሳንቲም ጻፉ።

በጀቱን የምትከፋፍሉት ከዚህ በኋላ ነው። ግማሹን ጤና ጣቢያው ውስጥ ለሚጎድለው አውሉት፤ መጋረጃ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የሽንት መመርመሪያ፣ ለአዋላጆቹ ሥልጠና፣ ማታ የሚበራ መብራት። አዋላጆቹን እንደ ጠላት አትቅረቧቸው፤ አንዷ ብቻዋን ሠላሳ ሰው ስታይ ውላ ምሽቱን ምጥ ላይ ታድራለች። ከቀረው አብዛኛውን ለመጓጓዣ ክፍያው መድቡ። የሴቶቹን ቡድን በተረፈው ጀምሩ፤ ብዙ አይፈልግም። ስብሰባው የሚደረግበትን ቀንና ሰዓት ግን እናንተ አትወስኑ። እነሱን ጠይቁ፤ ያላቸውን ትርፍ ሰዓት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።